ጥምጥም የማን ነበር? ከይፋት ሱልጣኔት እስከ ዛሬው ኮፍያችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው የምንለው ይገባዋል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ በአንድ ሜዳ ይገበያያል። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ራስ ላይ ነው። ጎፈሬውን ያበጠረ ወጣት አለ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ነጋዴ አለ፣ ሽማግ ጣል ያደረገ ሹፌር አለ፣ ጥምጥሙን በወጉ ያሰረ ሽማግሌ አለ። ሰላምታችንን እንኳ የምንመርጠው ራስ አይተን ነው። ጥምጥም ላደረገው ዝቅ ብለን «ሸኽ» እንላለን፤ ማን እንዳስተማረው፣ ምን ያህል እንደቀራ ግን አናውቅም።

ይህ ልማድ ትናንት የመጣ አይደለም። የይፋት ሰው ራሱ ላይ ምን ያደርግ እንደነበር ከዛሬ ስድስት መቶ ሰባ ዓመት በላይ አስቀድሞ ተጽፏል። የጻፈው ሰው አገራችንን ረግጦ አያውቅም፤ ግን የጻፈው ነገር ዛሬ በከተማ ለምንኖር ወጣቶች ብዙ የሚነግረን አለው። ዛሬ ስለዚህ እንጨዋወታለን። (እ.ኤ.አ. ያልነው ሁሉ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ዓ.ም ያልነው የአገራችን ነው።)

*የይፋት ራስ በዑመሪ ብዕር*

ይፋት ዛሬ በብዙዎቻችን አፍ የቆላው ስም ብቻ ነው። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርደን ሸዋሮቢትን፣ አጣዬን፣ ሰንበቴን ይዘን ወደ ከሚሴ ስንሄድ በመኪና መስኮት የምናየው ሙቀታም አገር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምድር የሱልጣኔት መቀመጫ ነበር። የወላስማ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1285 ከእርሱ በፊት የነበረውን የሸዋ የመኽዙሚ ሱልጣኔት አሸንፎ ኃይሉን አጸና። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ በእጁ ነበር። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ያጠኗቸው የአስባሪ፣ የኖራ እና የማሳል ፍርስራሾች፣ ከነመስጊዶቻቸውና ከነመቃብሮቻቸው፣ የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ድንጋዩ ዛሬም አለ፤ አንዳንዱ ላይ በዐረብኛ የተቀረጸ ጽሑፍ ይነበባል።

ስለዚህ መንግሥት በዝርዝር ከጻፉልን ሰዎች ቀዳሚው ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1301 ሲሆን በ1349 ደማስቆ ውስጥ ሞተ። በግብፅና በሻም የመምሉክ ሱልጣኖች ጽሕፈት ቤት ያገለገለ ታላቅ ጸሐፊ ነበር። «መሳሊኩል አብሷር» በተባለው ሰፊ ኪታቡ ውስጥ በሐበሻ ምድር የነበሩትን ሰባት የሙስሊም መንግሥታት ዘርዝሯል፤ ይፋት፣ ደዋሮ፣ አረባብኒ፣ ሐዲያ፣ ሸርኻ፣ ባሌ እና ዳራ። ከነገሩት ሰዎች ዋናው ሸኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ ነው። ይህ ዓሊም በዚያን ጊዜ ካይሮ የነበረው ለሙስሊሞች ጉዳይ ነው። ከሐበሻው ንጉሥ የተላከ መልእክተኛ ካይሮ በመጣ ጊዜ፣ የግብፁ ፓትርያርክ በሙስሊሞች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እንዲያስቆም ለንጉሡ ደብዳቤ ይጻፍለት ብሎ ይጠይቅ ነበር። ዑመሪ የሰማውን አልናቀም። የይፋትን ሰብል፣ ከብት፣ ፍራፍሬ ጻፈ። ጫትን ሳይቀር ጻፈ።

ከዚያም ወደ ልብስ ገባ። የይፋት ንጉሥ ራሱን የሚያስረው በሐር ማሰሪያ ነው፤ አናቱ ግን አይሸፈንም። አሚሮቹና ወታደሮቹም እንደ ንጉሡ ያስራሉ፤ የእነርሱ ማሰሪያ ግን ጥጥ ነው። ፉቀሃእ፣ ማለትም የፊቅህ ዓሊሞች፣ ጥምጥም ያደርጋሉ። ሕዝቡ ደግሞ ነጭ ኮፍያ ያደርጋል። ጸሐፊው ለሕዝቡ መሸፈኛ የተጠቀመበት የዐረብኛ ቃል ዛሬ እኛ «ኮፍያ» ከምንለው ጋር አንድ ዘር ነው። በሸዋሮቢት ሱቅ «ኮፍያ ስንት ነው?» ስንል የምንጠራው ስም በዑመሪ ገጽ ላይ አለ ማለት ነው።

*አራት ራሶች ምን ይናገራሉ?*

ይህችን አጭር ዝርዝር ዝም ብለን ብናልፋት የልብስ ወሬ ትመስላለች። ቆም ብለን ስናያት ግን የአንድ ማኅበረሰብ አወቃቀር በአራት ጨርቅ ተጽፎ እናገኛለን።

አንደኛ፣ ንጉሡና ወታደሩ አስተሳሰራቸው አንድ ነው። የሚለየው ጨርቁ ነው፤ የአንዱ ሐር፣ የሌላው ጥጥ። ስለዚህ ንጉሡን ስናየው በራሱ ማሰሪያ የጦረኞቹ አለቃ ነው። ከእነርሱ ወገን ነው፤ ከእነርሱ በሀብት ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ዓሊሙ ከዚህ መስመር ውጭ ቆሟል። ጥምጥሙ የንጉሡ ማሰሪያ ታናሽ ወንድም አይደለም፣ የወታደሩም አለቃ አይደለም። ሌላ ዓይነት ነው። በይፋት ሱልጣኔት የዕውቀት ክብር የሰይፍ ክብር ቅርንጫፍ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን። አሚር የሆነ ሰው አሚር በመሆኑ ብቻ የፈቂህ ጥምጥም አይጠመጥምም። በእኛ አገር ዛሬም ድረስ «ፈቂ» የሚለው መጠሪያ ከአባቶች ስም በፊት ሲነገር እንሰማለን። ያ ቃል ከዑመሪ «ፉቀሃእ» ጋር አንድ ነው።

ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ራሱን አልገለጠም። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ነጋዴው የራሱ የሆነ፣ ነጭና ንጹሕ መሸፈኛ ነበረው። ነጭ ኮፍያ ማድረግ «ሸኽ ነኝ» ማለት አልነበረም። «የዚህ ሕዝብ ሰው ነኝ» ማለት ነበር። ኮፍያ የሁሉም ነው፣ ጥምጥም የተማረው ነው። የይፋት ሰው ይህን ልዩነት ያውቅ ነበር።

ዑመሪ ለምን ይህን ሁሉ ልብ አለ? እርሱ ራሱ ያደገበት መንግሥት ራስን እንደ መጽሐፍ የሚያነብ መንግሥት ስለነበር ነው። በመምሉኮች ዘመን ሹማምንት በሁለት ይከፈሉ ነበር፤ የሰይፍ ሰዎችና የብዕር ሰዎች። ዓሊሞችና ጸሐፊዎች በጥቅሉ «ሙተዐምሚሙን»፣ ባለጥምጥሞች፣ ይባሉ ነበር። በ773 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1371/72) ደግሞ ሱልጣን አል-አሽረፍ ሸዕባን የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘር የሆኑት ሸሪፎች በጥምጥማቸው ላይ አረንጓዴ ምልክት እንዲያደርጉ አዘዘ።

ይህ ንባብ ደግሞ ሁልጊዜ ለክብር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1301 ካይሮ ላይ በወጣ አዋጅ ክርስቲያኑ ሰማያዊ፣ አይሁዱ ቢጫ፣ ሳምራዊው ቀይ ጥምጥም እንዲያደርግ ተገደደ። የተፈለገው እንዲለይና ዝቅ እንዲል ነበር። ታሪክ የምንማረው የሚጥመንን ብቻ ለማንሳት አይደለምና ይህንንም እናውቀው። ራስ ላይ ያለ ጨርቅ ለማክበርም ለማዋረድም ይውላል። የሚወስነው ያዘዘው ሰው ዓላማ ነው።

*በሩቅ ቻይናም እንዲሁ*

ይህ የሙስሊሞች ወይም የዐረቦች ነገር ብቻ እንዳይመስለን ወደ ምሥራቅ አንድ ጊዜ እንመልከት። በጥንት ቻይና የተማረ ቤተሰብ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው ዘመድ ተሰብስቦ ባርኔጣ የሚደፋበት ሥርዐት ነበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉ ሰው ይባላል፤ የአዋቂ ስም ይወጣለታል፤ የአዋቂ ኃላፊነትም ይጫንበታል። በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ባለሥልጣኑ በጥቁር ባርኔጣው ይታወቅ ነበር። በቻይንኛ «ጥቁር ባርኔጣውን አጣ» ማለት ዛሬም ከሹመቱ ወረደ ማለት ነው። ቀጥሎ በመጣው በቺንግ ዘመን ደግሞ በባርኔጣው አናት ላይ የምትቀመጠው ጉልላት ቀለሟና ድንጋዩዋ የሹመቱን ደረጃ ይናገር ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው የአረንጓዴው ነገር ነው። በካይሮ አረንጓዴ ጥምጥም የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ ምልክት ሲሆን፣ በቻይና «አረንጓዴ ባርኔጣ አደረገ» ማለት ሚስቱ የከዳችው ሰው ማለት ነው። ዛሬም ቻይናዊ ወንድ አረንጓዴ ባርኔጣ ስጦታ ቢሰጡት ይቀየማል። ቀለሙ አንድ ነው፤ አንዱ ዘንድ ክብር፣ ሌላው ዘንድ ስድብ። በዚያው አገር የሚኖሩት ኹይ የተባሉት ሙስሊሞች ደግሞ በነጭ ኮፍያቸው ይታወቃሉ። የይፋት ሕዝብ ያደርገው የነበረው ነጭ ኮፍያ አምሳያ በዓለም ሌላ ጫፍ አለ ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ነገር ቀላል ነው። ጨርቅ በራሱ አይናገርም። ትርጉሙን የሚሰጠው ሕዝብ ነው፤ ሕዝብ ሲለወጥ ትርጉሙም ይለወጣል።

*ጥምጥም ዕዳ ነው*

እንግዲህ የራስ መሸፈኛ ትርጉም ሰዎች የሰጡት ከሆነ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ዑለማዎቻችን ጉዳዩን በሚዛን አይተውታል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥምጥም ማድረጋቸው በሶሒሕ ሐዲስ የጸና ነው። መካ በተከፈተችበት ቀን ሲገቡ ጥቁር ጥምጥም አድርገው እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ) አውርተዋል፤ ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። ጥምጥምን ከሙሽሪኮች መለያ የሚያደርገውን የሩካናን ሐዲስ በተመለከተ ግን፣ የዘገቡት ኢማም ቲርሚዚ ራሳቸው ሰነዱ የጸና አይደለም ብለዋል። ስለዚህ ጥምጥም የተወደደ የአባቶች ልብስ ነው፤ የሰውን ኢማን የምንመዝንበት ሚዛን ግን አይደለም።

የዓሊም ልብስ ለምን ተለየ? በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1262 ካይሮ ያረፉት ታላቁ ኢማም ዒዙዲን ኢብን ዐብዲሰላም ያወሩት ነገር አለ። ኢሕራም ላይ ሳሉ ሰዎች በጠዋፍ ሥርዐት ሲሳሳቱ አይተው መከሯቸው፤ ማንነታቸውን ያወቀ አልነበረምና የሰማቸው አልተገኘም። በኋላ የፉቀሃእን ልብስ ለብሰው ያንኑ ሲናገሩ ሁሉም ሰማ፣ ታዘዘ። ኢማሙ ከዚህ ተነስተው ዓሊም ሰዎች አውቀው እንዲጠይቁት በልብሱ ቢለይ ችግር የለውም አሉ።

ልብ እንበል! ምክንያቱ እንዲጠየቅ ነው። ጥምጥም የተጠመጠመው ሰው መጥቶ «ያ ሸኽ፣ ይህ ነገር ሐላል ነው ሐራም? ውርሱ እንዴት ይከፈላል? ፍቺው ወድቋል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። ስለዚህ ጥምጥም የተሸከመ ሰው ለጥያቄ በሩን ከፍቷል፤ የማያውቀውንም «አላውቅም» ለማለት ተዘጋጅቷል። ጥምጥም ለባለቤቱ ዕዳ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

በዚያው በግብፅ በ737 ሂጅራ የሞቱት ኢብኑል ሓጅ «አል-መድኸል» በተባለው ኪታባቸው የዘመናቸውን ዑለማእ ስለ ትላልቅ ጥምጥሞቻቸውና ስለ ሰፋፊ እጅጌዎቻቸው አጥብቀው ወቅሰዋል። ጥምጥም ሲገዝፍና ዕውቀት ሲቀጥን ማየቱ በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም ማለት ነው።

በአገራችን የቂርኣት ባህል ይህ ሚዛን የታወቀ ነበር። ደረሳ ኪታብ ተሸክሞ፣ ቆሎ ይዞ፣ ከሸኽ ወደ ሸኽ ሲዞር ዓመታት ያልፋሉ። ነሕውን አንዱ ጋ፣ ፊቅሁን ሌላው ጋ ይቀራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ራሱ ላይ ያለው ተራ ኮፍያ ነው። ጥምጥም ከሰው ግምት በኋላ የሚመጣ ነገር ነበር፤ ሕዝቡ «ይህ ሰው ቀርቷል» ብሎ ሲመሰክር።

*አንድ ጥምጥምና አንድ ዙፋን*

አሁን ወደ አገራችን ሰፋ ያለ ታሪክ እንግባ። በኢትዮጵያ ጥምጥም የሙስሊም ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቄሱም ነጭ ጥምጥም ያደርጋል። መነኩሴው ቆብ አለው፤ «ቆቡን ጣለ» ሲባል ምንኩስናውን ተወ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከሩቅ የሚመጣ ሰው የመስጊዱን ሸኽና የደብሩን ቄስ በጥምጥማቸው ብቻ ለመለየት ሊቸገር ይችላል። ሁለቱም ወገኖች በራስ ላይ ያለ ጨርቅ የዕውቀትና የኃላፊነት ምልክት ነው ብለው ተስማምተዋል።

ይሁን እንጂ ይኸው ጨርቅ በሌላ ሰው ራስ ላይ ሲታይ መንግሥት አናግቷል። ልጅ ኢያሱ የዐፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ነው። አባቱ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፤ ቀድሞ ኢማም መሐመድ ዐሊ ይባሉ የነበሩ፣ በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ የተጠመቁ። ልጅ ኢያሱ ወደ ሐረርና ወደ ሱማሌ ምድር እየሄደ ከሙስሊሞች ጋር ይቀራረብ ነበር። ጥምጥም አድርጎ የሚታይበት ፎቶግራፍም ተሰራጨ። ፎቶግራፉ እውነተኛ ነው ወይስ ተቀነባብሯል በሚለው ላይ ጸሐፍት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለተቃዋሚዎቹ ግን የሚታየው ነገር በቂ ነበር፤ ጥምጥሙን እንደ ማስረጃ ያዙት። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም፣ በመስቀል በዓል ቀን፣ ወደ እስልምና ገብቷል የሚል ክስ ቀርቦበት ከሥልጣን ተሻረ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ልጅ ኢያሱ ወደ አፋር በረሃ ሸሽቶ፣ ከእኛው ቆላ በስተምሥራቅ ባለው ምድር ዓመታት ተንከራተተ።

የመሻሩ ምክንያት ጥምጥም ብቻ ነበር አንልም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፖለቲካ፣ የመሳፍንቱ ሽኩቻ፣ የውጭ መንግሥታት ግፊት ነበሩ። ግን እናስተውል። በዚያው ቀን ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ካህናት በአደባባይ ቆመው ነበር። የካህኑ ጥምጥም ክብር፣ የልዑሉ ጥምጥም ወንጀል ሆነ። ያ ዘመን በአንድ ራስ ላይ የፈለገውን አነበበ።

*ባርኔጣ በሕግ ሲታዘዝ*

ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በቱርክ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1829 የዑስማንያው ሱልጣን ማሕሙድ ዳግማዊ ሹማምንቱ ጥምጥማቸውን አውርደው ቀዩን ጠርቡሽ እንዲያደርጉ አዘዘ። ጥምጥም ለዑለማእ ብቻ ተፈቀደ። ያን ጊዜ ጠርቡሹን አዲስና ባዕድ ነገር ብለው የጠሉት ብዙ ነበሩ። ዘጠና ስድስት ዓመት አለፈ። በ1925 የሙስጠፋ ከማል መንግሥት ጠርቡሹን በሕግ ከልክሎ የፈረንጅ ባርኔጣ ሲያስገድድ፣ ሕዝቡ ያንኑ ጠርቡሽ የእስልምና ምልክት ነው ብሎ ሊከላከልለት ተነሳ። ኢስኪሊፕሊ ዓጢፍ ኾጃ የተባሉት ዓሊም ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በ1924 ፈረንጅን በባርኔጣ መምሰልን የሚቃወም ትንሽ ኪታብ ጽፈው ነበር። በየካቲት 1926 (እ.ኤ.አ.) አንካራ ላይ ተሰቀሉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛው፣ አያት «ባዕድ ነው» ብሎ የጠላውን የልጅ ልጅ «ሃይማኖቴ ነው» ብሎ ሊሞትለት ይችላል። ሁለተኛው፣ ኮፍያ ማስደረግም ማስወለቅም በግድ ሲሆን ግፍ ነው። የካይሮው የ1301 አዋጅና የአንካራው የ1925 ሕግ በሃሳብ ተቃራኒ ቢሆኑም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የሰውን ራስ የመንግሥት ንብረት አደረጉት።

*ከመስጊድ ወደ አደባባይ*

በአገራችን ነጭ ኮፍያ ከመንደርና ከመስጊድ ወጥቶ በአደባባይ በብዛት የታየበት ቀን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም ነው። በአዲስ አበባ ሙስሊሞች እኩልነት ጠይቀው ሰልፍ ወጡ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረዋቸው ወጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነበር። በ1967 ዓ.ም ዒደል ፊጥር፣ ዒደል አድሐ እና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወጁ። ዛሬ በዒድ ቀን ኮፍያችንን አድርገን በሰላም ወደ ሶላት የምንወጣው ከዚያ በኋላ በተከፈተ በር ነው።

*የዛሬው ሱቅ*

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በሸዋሮቢት፣ በአጣዬ፣ በከሚሴ፣ በአዲስ አበባ ሱቆች የሌለ የኮፍያ ዓይነት የለም። በእጅ የተጠለፈ የሐረር ኮፍያ፣ የዑማን ኮፍያ፣ የፓኪስታን ኮፍያ፣ ቀይና ነጭ ሽማግ፣ ተጠምጥሞ ተሰፍቶ የሚሸጥ ጥምጥም ሁሉ አለ። ብዙው የተሠራው ቻይና ነው። ብር ያለው ሁሉ የፈለገውን ይገዛል። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሦስት ነገር እናያለን።

አንዳንድ ወንድሞቻችን ሥራ ፍለጋ ሲሄዱ፣ ኮሌጅ ሲገቡ፣ ኮፍያቸውን አጣጥፈው ኪስ ይከታሉ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ «ገጠሬ» እንዳይባሉ ነው። ለእነዚህ ወንድሞቻችን የምንለው አለን። ያ ነጭ ኮፍያ ዑመሪ በዘመኑ ከታወቁ መንግሥታት ጋር አብሮ የመዘገበው የአንድ ሕዝብ ልብስ ነው። ለማድረግ መብት አላችሁ፤ ላለማድረግም ኃጢአት የለባችሁም። በሐፍረት ከሆነ ግን የምታፍሩበትን ነገር ታሪኩን ዕወቁት።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። አንድ ኪታብ ሳይጨርሱ፣ አንድ ሸኽ ፊት ሳይንበረከኩ፣ ጥምጥም ጠምጥመው ስልካቸው ፊት ይቀመጡና ፈትዋ ይሰጣሉ። ተመልካቹም እንደ ሰንበቴ ገበያተኛ ራስ ብቻ አይቶ ያምናል። ጥያቄው የትዳር፣ የውርስ፣ የደም ሊሆን ይችላል። በተሳሳተ መልስ ቤት ይፈርሳል። የይፋት ሰው ኮፍያን ለሁሉ፣ ጥምጥምን ለፈቂህ ያደረገው ሕዝቡ ማንን እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ ከሆነ፣ እኛ ያንን ምልክት አደብዝዘነዋል። ስለዚህ ጥምጥም ካየን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «ማን ጋ ነው የቀራኸው?» ይህ ድፍረት አይደለም። ደረሳ በሐሪማው የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፣ ኮፍያ አይቶ ወንድምን መፈረጅ ነው። «ሽማግ አድርጓል፣ የእነ እገሌ ነው»፣ «ጥምጥሙ አረንጓዴ ነው፣ የእነ እገሌ ነው»፣ «ራሱን ገልጦ ሰገደ፣ እንዲህ ነው» እየተባለ ሶፍ ይከፈላል፣ ሰላምታ ይቋረጣል። አብሮ አደግ በአንድ ክንድ ጨርቅ ይለያያል። የወንድማችን ራስ ላይ ያለውን ጨርቅ ከገበያ ገዝቶት ሊሆን ይችላል፣ አጎቱ ከሳዑዲ ልኮለት ሊሆን ይችላል፣ ፀሐዩ በርትቶበት ሊሆን ይችላል፤ የሸዋሮቢትን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚህ ተነስተን ስለ ዐቂዳው የምንፈርድ ከሆነ፣ በ1909 ዓ.ም ፎቶግራፍ አይተው ከፈረዱት ሰዎች በምን እንለያለን?

ከተማ ያላችሁ ወጣቶች አንድ ነገር እንድትሠሩ አደራ እንላለን። ስልክ ሁላችሁም አላችሁ። አያቶቻችሁ ገና በሕይወት ሳሉ ቀርባችሁ ጠይቁ፤ «በልጅነታችሁ ማን ጥምጥም ያደርግ ነበር? ማን አያደርግም? ሙሽራው ምን ያደርግ ነበር? ጨርቁን የሸመነው ማን ነው?» በሉ። በፈቃዳቸው ድምፃቸውን ቅዱ። አርጎባዎች በሽመና የታወቁ ናቸው፤ ከእነርሱ ዘንድ ብዙ ትሰማላችሁ። ከዑመሪ በኋላ ያለውን ታሪካችንን ከካይሮ መጥቶ የሚጽፍልን አይኖርም።

*ራስ ሁሉ ሲገለጥ*

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስታውስ። ስለ ኮፍያና ጥምጥም ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ በዲናችን ወንዶች ሁሉ ራሳቸውን እንዲገልጡ የታዘዙበት ቦታ አለ። ሐጅና ዑምራ ነው። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ባወሩት ሐዲስ ኢሕራም ያደረገ ወንድ ጥምጥምም ሆነ ሌላ የራስ ልብስ እንዳያደርግ ተከልክሏል። ሐር የሚያስረው ንጉሥ፣ ጥጥ የሚያስረው ወታደር፣ ባለጥምጥሙ ፈቂህ፣ ባለኮፍያው ገበሬ፣ ሁሉም ገላጣ ራሱን ይዞ ይቆማል። ዒዙዲን ኢብን ዐብዲሰላምን የሚያውቃቸው የጠፋው በዚያ ቦታ ነው፤ የዘመናቸው ታላቅ ዓሊም ከተራው ሰው አልተለዩም ነበር። ኢሕራም ላይ ሳለ ከግመሉ ወድቆ የሞተውን ሰውም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሱን ሳትሸፍኑ ቅበሩት፣ በትንሣኤ ቀን ተልቢያ እያለ ይነሳል ብለው አዘዋል።

ከሐጅ ሲመለስ ሁሉም መሸፈኛውን መልሶ ያደርጋል፤ ይህም ትክክል ነው። ማኅበረሰብ ምልክት ያስፈልገዋል። ጠያቂ ማንን እንደሚጠይቅ፣ እንግዳ ማን ቤት እንደሚያድር፣ ልጅ ለማን እንደሚነሳ ማወቅ አለበት። የይፋት አባቶቻችን ለዚህ አራት ዓይነት ራስ ነበራቸው። እኛ ሃያ ዓይነት አለን፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልተነጋገርንበትም። በዚህ ሳምንት ከጁሙዓ በኋላ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ከእናንተ ጋር ሽማግሌ ይኑር።

አላህ ያወቅነውን የምንሠራበት ያድርገን፤ ለዑለማዎቻችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ለሞቱት ይዘንላቸው።

ወላሁ አዕለም።